ለድንኳኑ ከምናዋጣው ላይ

በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የጤና ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር



ለጤና ኮሚቴው የተሰጠን ግማሽ ሰዓት ነው። ቡናው ተቆልቷል፤ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል። ሰዓት እንዳናሳልፍ ጸሐፊያችን አደራ ብላናለች። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳንሄድ ከሒሳብ መዝገቡ እንጀምራለን።

ማኅበራችን ሁለት ሳጥን እንዳለው ታውቃላችሁ። አንደኛው የቁጠባና የብድር ነው፤ በርበሬ የምታስፈጨውም፣ እንጀራ የምታስረክበውም፣ ጉሊት የምትቸረችረውም የምትበደርበት። ሁለተኛው የችግር ጊዜ ሳጥን ነው። ገንዘብ ያዣችን ባለፈው ዓመት ከዚህ ከሁለተኛው ሳጥን የወጣውን መስመር በመስመር አንብባልናለች። ድንኳን፣ ወንበር፣ ንፍሮ፣ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የተሰጠ፣ እንደገና ድንኳን። ለሕክምና የወጣ አንድም መስመር የለም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። መተዳደሪያ ደንቡን ስናወጣ "አባል ስትሞት" ብለን ነው የጻፍነው። "አባል ስትታመም" የሚል ሐሳብ ተነስቶ እንደነበር የመጀመሪያዎቹ አባላት ታስታውሳላችሁ። ያኔ ሳጥኑ ባዶ ነበር፣ በሽታ ደግሞ ማለቂያ የለውም ብለን ፈራን፣ ተውነው።

ከድንኳኖቹ አንዱ የተተከለው ለእህታችን ነው። ስሟን እዚህ አናነሳም፤ ልጆቿ በዚሁ ሰፈር ይማራሉ። ታሪኳን እንድንናገር ግን ራሷ አዝዛናለች። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልንጠይቃት በሄድንበት ቀን፣ ትራሷን ደግፈን አስቀምጠናት፣ "እኔን የጎዳኝ ሐፍረቴ ነው፤ ለሌሎቹ ንገሩልኝ" አለችን። አደራ ነውና እንናገራለን።

ዕድሜዋ 43 ነበር። ከወር አበባዋ ውጪ ደም ሲታያት "ማረጫዬ ደርሶ ይሆናል" አለች። ቆይቶ ጠረን ያለው ፈሳሽ መጣ። እዚህ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ታላቃችን፣ ጎረቤቷ ነበሩና፣ "ምነው ልጄ፣ ከሳሽ" ቢሏት "ብርድ መታኝ እትዬ" አለቻቸው። እኛ ሴቶች ከወገብ በታች ላለው ሕመም ሁሉ አንድ ስም ነው ያለን፤ ብርድ። ከፋርማሲ የሚያስታግስ ኪኒን ገዛች፣ ጠበል ጠጣች፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ምጣድ መጣዷን ግን አላቋረጠችም። ጤና ጣቢያ የሄደችው ወገቧ አላስነሳ ሲላት ነው። ደሙን ካየችበት ቀን እስከዚያ ድረስ አሥራ አንድ ወር አልፏል። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካት። ሆስፒታሉ ናሙና ወስዶ ለውጤት ቀጠራት። ውጤቱ ሲመጣ የማኅፀን በር ካንሰር ነው፣ ከማኅፀን በሩም አልፏል፣ የጨረር ሕክምና ያስፈልጋል ተባለ። የጨረሩ ወረፋ የወራት ነበር። ተራዋ ሳይደርስ ቀበርናት።

በዕለቱ እኛ ምን አልን? "ቀኗ ደርሶ ነው" አልን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት የሚባል ነገር ነው፤ ክፉ አላሰብንም። በኋላ ግን ኮሚቴያችን ከጤና ጣቢያዋ ሲስተር ጋር ቁጭ ብሎ ሲነጋገር፣ ይህ ሕመም ለመድረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ስትነግረን፣ ያንን ቃል መልሰን መዋጥ አማረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማኅፀን በር ካንሰር የሚመጣው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቫይረስ ነው፤ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይባላል፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን እንዳዞራችሁ እናያለን፤ እባካችሁ አታዙሩ። ይህ የአመንዝራ በሽታ አይደለም። ትዳር ከሚመሠርቱ ሰዎች አብዛኛዎቹ፣ ወንዱም ሴቷም፣ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ከአንድ ባሏ በቀር ማንንም የማታውቅ ሴትም ይይዛታል። ብዙውን ጊዜ ሰውነት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል፤ ሰውየው መያዙንም መዳኑንም አያውቅም። በጥቂት ሴቶች ላይ ግን ሳይጠፋ ይቀመጣል፣ የማኅፀን በርን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይለውጣል፤ ያ ለውጥ ካንሰር እስኪሆን በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። የመከላከል አቅማቸው በደከመ ሴቶች ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊበቃው ይችላል።

እስቲ ወደ እህታችን መልሱት። የ43 ዓመቷ ሴት ሕመም የጀመረው ምናልባት የመጀመሪያ ልጇን ስታጠባ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ወልዳለች፣ ለክትባት ጤና ጣቢያ ተመላልሳለች፣ ወደ ማኅበራችን ገብታለች፣ ሦስት ጊዜ ተበድራ ሦስቱንም ከፍላለች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቀን፣ ሐኪም አልጋ ላይ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ሊታይ የሚችል ነገር ነበር። "ቀኗ ደርሶ ነው" ያልነው ይህንን ነው።

ሊታይ የሚችለው ደግሞ በምን እንደሆነ ስትሰሙ ትስቃላችሁ። በአቼቶ ነው። የምር ነው። በእንግሊዝኛው ስሙ አሴቲክ አሲድ የሚባለው፣ ለሰላጣ የምናደርገው የአቼቶ ዓይነት፣ በትክክል ተመጥኖና ቀጥኖ በጥጥ የማኅፀን በር ላይ ይቀባል። አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ጤነኛው ቦታ እንደነበረው ሮዝ ሆኖ ይቀራል፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሲስተሯ በዓይኗ ታየዋለች። ማይክሮስኮፕ የለም፣ ወደ ከተማ የሚላክ ናሙና የለም፣ "ከወር በኋላ ተመለሺ" የለም። ነጩ ቦታ ትንሽ ከሆነና ካንሰር ካልመሰለ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይቃጠላል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ማደንዘዣ አስተኝቶ ኦፕራሲዮን ማድረግ የለበትም፣ ሴትየዋ በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ለጥቂት ሳምንታት ፈሳሽ ይኖራታል፣ ከባሏም ለጊዜው መቆጠብ አለባት፤ ይህንን አስቀድሞ ለባል መንገር የሚቸግራት ካለች እኛ አብረናት እንነግርላታለን። (ባለፈው ስብሰባ አንዷ "ታዲያ አቼቶውን ገዝቼ እቤቴ ብሞክረውስ?" ብላ ጠይቃናለች። አይሆንም። አቼቶው ሰላጣ ላይ ይቆይ።)

የምርመራው ዋና ዕድሜ በአገራችን ከ30 እስከ 49 ነው። ከዚያ በላይ ላላችሁ እናቶቻችን፣ ዕድሜ ሲገፋ የሚታየው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በአቼቶ ማየቱ አስተማማኝ አይሆንም፤ ለእናንተ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ ይሻላል። እሱ ባለበት ቦታ አንዲት ሴት ናሙናውን መጋረጃ ጀርባ ገብታ በራሷ እጅ መውሰድ ትችላለች፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንን ይደግፋል። ማንም ሳያያት ማለት ነው። ሐፍረት ላሰረን ለእኛ ለመሰልን ሴቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በየጤና ጣቢያው እስኪዳረስ ግን አቼቶው ይጠብቀናል።

ከመካከላችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስዱ እህቶች አላችሁ። ማን እንደሆናችሁ አንጠይቅም፤ እናንተም መናገር የለባችሁም። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ ነው። ስለዚህ 30 ዓመት እስኪሞላችሁ አትጠብቁ፤ ከ25 ጀምሮ ነው። መድኃኒት ለመውሰድ በሄዳችሁበት ቀን በዚያው ጠይቁ።

አሁን ከሰፈራችን ትንሽ እንውጣ፤ ምክንያቱም ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 660 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፣ 350 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። ከሞቱት መቶ ሴቶች ዘጠና አራቱ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ቫይረሱ ሀብታም አገርም ደሃ አገርም አለ፤ ልዩነቱ እዚያ አስቀድሞ መፈለጉ ነው። ከአባሎቻችን የአንዷ ታናሽ እህት አሜሪካ ትኖራለች። የምርመራ ጊዜዋ ሲደርስ ሐኪሟ ቤት በስልኳ ያስታውሷታል። ብትረሳ ደግመው ይልኩላታል። ሁለቱ እህትማማቾች የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ የአንድ ጓዳ እንጀራ በልተው ያደጉ ናቸው። የልዩነታቸው ነገር ያቺ ስልክ ላይ የምትመጣ መልእክት ናት።

ከማኅፀን በር ካንሰር አልፈን ካንሰርን ሁሉ ብናይም ነገሩ ይኸው ነው። ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ሥር ስለ ሴቶችና ካንሰር የተቋቋመ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በየዓመቱ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች በካንሰር ያለ ዕድሜያቸው እንደሚሞቱ ገልጿል፤ 1.5 ሚሊዮኑ መንስኤው በመወገዱ ወይም በሽታው በጊዜ በመገኘቱ ሊተርፉ ይችሉ ነበር፤ ሌሎች 800 ሺህ ደግሞ ተገቢው ሕክምና ቢደርሳቸው። ስለ ጡት ካንሰር በሌላ ቀን ሰፋ አድርገን እንነጋገራለን፤ ለዛሬ እጢ የዳሰሰች፣ ጡቷ ወደ ውስጥ የተሰረጎደባት ወይም ከጡቷ ደም የታያት አትጠብቅ፣ አያምም ብላም አትተው፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ አያምምምና።

ሌላም ቁጥር አለ፤ ስናነበው ኮሚቴው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 4.4 ሚሊዮን ሴቶች በካንሰር ሞተዋል፤ በዚያ በአንድ ዓመት ብቻ አንድ ሚሊዮን ያህል ልጆች እናታቸውን በካንሰር አጥተዋል። ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ልጆቹን እናት አልባ ያደረጋቸው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይህ በሽታ ልጅ አሳድጋ የጨረሰችውን አሮጊት ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ገና ደብተር የምትገዛውን፣ ገና የምትዳረውን፣ ገና የምታስጠናውን እናት ነው የሚወስደው። የእህታችን ትልቋ ልጅ ዘንድሮ ምጣዱን ተረክባለች። 16 ዓመቷ ነው። ጧት ትጋግራለች፣ ከሰዓት ትማራለች፤ አንዳንድ ቀን አትማርም።

በታሪክ የምትታወቅ አንዲት አሜሪካዊት አለች፤ ሄንሪየታ ላክስ ትባላለች፤ ጥቁር ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1951 በዚሁ በማኅፀን በር ካንሰር በ31 ዓመቷ ስትሞት አምስት ልጆች ትታለች። ሐኪሞቹ ከዕጢዋ ሕዋሳት የወሰዱት ሳይጠይቋት ነው። እነዚያ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ውስጥ አልሞቱም፤ እየተባዙ በመላው ዓለም ለምርምር ዋሉ፤ ለረጅም ጊዜ ቤተሰቧ አያውቅም ነበር። በኋላ ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃራልድ ሱር ሃውዘንና ባልደረቦቹ ካንሰሩን የሚያመጡትን የኤች ፒ ቪ ዓይነቶች ሲለዩ፣ አንደኛው በእሷ ሕዋሳት ውስጥ ተገኘ። ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ክትባቱም የተሠራው በዚያ ዕውቀት ላይ ነው። ይህንን የምንነግራችሁ ክትባቱ ከየት መጣ ለምትሉ ነው። የመጣው ልጆቿን ሳታሳድግ ከሞተች እናት ገላም ጭምር ነው።

ስለ ክትባቱ ካነሳን አይቀር፣ ሰፈር ውስጥ ስለሚወራው እንነጋገር። በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ያካተተ ዘመቻ ተደርጓል። አንድ ጊዜ መወጋት ነው። "መካን ያደርጋል" ብላችሁ ልጆቻችሁን በዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ያስቀራችሁ አላችሁ፤ ማን ማን እንደሆናችሁ እናውቃለን፤ አልተቆጣንም፤ ከኮሚቴያችንም አንዷ አስቀርታ ነበር። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባናል። ልጅ አለመውለድ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ መርፌ ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ በደንብ አያስረዳም። ነገር ግን አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2007 ጀምራዋለች፤ የዚያን ጊዜዎቹ ተከታቢ ልጆች ዛሬ እናቶች ናቸው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ጀምራ ከመቶ ልጃገረዶች ከዘጠና በላይ አዳረሰች፤ በትምህርት ቤት ያልተገኙትን የጤና ሠራተኞች በየመንደሩ እየሄዱ ፈለጓቸው። ሀብታም ስለሆነች አይደለም። በስኮትላንድ በ12 እና በ13 ዓመታቸው የተከተቡትን ሴቶች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት ከእነዚያ መካከል በማኅፀን በር ካንሰር የተያዘች አንዲትም አልተገኘችም። አንዲትም። የሚያመክነውስ ካንሰሩ ነው፤ ሲያድኑት ማኅፀን ሊወጣ ይችላል፣ ካላዳኑት ሴትየዋ ትሞታለች።

ከሁሉም ነገር እኛን ልብ ያስገዛን ግን የሕንዱ ነው። በሙምባይ ከተማ፣ በደሃ ሰፈሮች ውስጥ፣ ታታ ሜሞሪያል የተባለው ሆስፒታል ሐኪሞች አንድ ነገር ሞከሩ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ የሰፈር ሴቶችን ወስደው ለአራት ሳምንት አሠለጠኗቸው፤ በአቼቶ ማየትን አስተማሯቸው። እነዚያ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ የጎረቤቶቻቸውን የማኅፀን በር መረመሩ። ከ12 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ከተመረመሩት ወገን በዚህ ካንሰር የሞቱት ሴቶች ካልተመረመሩት ጋር ሲነጻጸር በ31 ከመቶ ቀንሰዋል። ይህ ጥናት 150 ሺህ ያህል ሴቶችን የያዘ ነበር። ወቀሳም አላጣውም፤ ለማነጻጸር ተብለው ሳይመረመሩ የቀሩት ሴቶች ምን በደሉ የሚል፣ እኛም ስናነበው ያው ጥያቄ ነው የመጣብን። ቢሆንም ለእኛ አንድ ነገር አሳይቶናል። ሥራው የፕሮፌሰር ብቻ አይደለም። ከመካከላችን 10ኛ ክፍል የጨረሱ ስንት ናቸው? 12ኛ የጨረሱስ?

እንግዲህ አቼቶ ርካሽ ከሆነ፣ ምርመራው በብዙ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ካለ፣ ለምን አንሄድም? ባለፈው ወር በስብሰባችን ላይ "የተመረመራችሁ እጃችሁን አውጡ" ስንል ሰባት እጅ ነው የወጣው። ሰባታችሁን እናመሰግናለን። የቀራችሁትን አንድ በአንድ ጠየቅናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ስለ ሐፍረት አወራችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ "ባይታወቀኝ ይሻለኛል" አላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ግን ሌላ ነገር ነው የነገራችሁን። ምርመራው በሥራ ቀን ነው። በሥራ ቀን ወረፋ ይዞ መዋል ማለት ጉሊቱ አልተዘረጋም፣ እንጀራው አልተረከበም፣ ልብሱ አልታጠበም ማለት ነው። ታክሲ ሄዶ መመለሻ አለ። ሕፃን ልጅ የሚይዝ ሰው የለም። ደግሞም "ደህና ነሽ" ለመባል የቀን ገቢዋን የምትጥል ሴት ማን አለች? ስለዚህ ሐፍረት ነው እያልን ራሳችንን የምንወቅሰው ነገር ግማሹ የኪስ ጉዳይ ነው።

ኪስ ከሆነ ደግሞ ሳጥን አለን።

የኮሚቴው ሐሳብ ይህ ነው። በደንባችን ላይ "አባል ስትሞት" ከሚለው በላይ "አባል ስትመረመር" የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር። ከችግር ጊዜ ሳጥን ከአምስት አንዱ እጅ ለዚህ ይለይ። ለምርመራ ለምትሄድ አባል የታክሲዋና የአንድ ቀን ገቢዋ ይሰጣት፤ ደረሰኝ አንጠይቅም፣ የጤና ጣቢያው ካርድ ይበቃናል። በየማክሰኞው ስድስት ስድስት ሆነን እንሂድ፣ ከስድስቱ አንዷ ከዚህ በፊት የተመረመረች ትሁን፤ አልጋው ላይ ስትወጪ ምን እንደሚያጋጥምሽ የምታውቅ ሰው አጠገብሽ መኖሩ ቀላል አይደለም። ሕፃናቱን የማኅበሩ ግቢ ውስጥ ሁለት እናቶች በተራ ይያዙ። ነጭ ቦታ የተገኘባት በዚያው ቀን ትታከማለች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ተገኝቶባት ወደ ሆስፒታል የተላከች ግን ለብቻዋ አትሄድም። አንዲት አባል ወረቀቷን ይዛ፣ ቀጠሮዋን ቆጥራ፣ እስከ መጨረሻው ትከተላታለች። እህታችን ከናሙናው እስከ ውጤቱ፣ ከውጤቱ እስከ ወረፋው ብቻዋን ነበረች። እኛ አብረናት መሆን የጀመርነው አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ነው።

ይህንን ሐሳብ ስናቀርብ የተቃወሙን አሉ፤ ተቃውሟቸውን እንደነገሩን እናቀርባለን። ታላቃችን "ልጆቼ፣ እኔ ይህንን ማኅበር የገባሁት በክብር እንድቀበር ነው፤ ድንኳን ሳይተከልልኝ ልሂድ?" ብለውናል። ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ብዙዎቻችን ከገጠር ብቻችንን የመጣን ነን፤ ስንሞት የሚያለቅስልን አናጣም ወይ ብለን ነው ዕድር የፈለግነው። ድንኳኑ አይቀርም፤ ገንዘቡ ግን ይቀንሳል፤ በአንድ ወር ሁለት ሐዘን ቢደርስብን ሳጥኑ ሊያጥር ይችላል። አይሆንም ብለን አንዋሻችሁም። እንደዚያ ከሆነ ንፍሮውን እያንዳንዳችን ከቤታችን ቀቅለን እናመጣለን፣ ወንበሩን ከየቤታችን እናወጣለን። እናቶቻችን ከማኅበር በፊት እንደዚያ ነበር የሚቀብሩት። ሌላዋ አባል ደግሞ "ምርመራው በሽታ ቢያገኝና ሕክምናው ባይኖር፣ ማወቄ ምን ይጠቅመኛል?" ብላለች። እውነቷን ነው፤ ጨረር ለረጅም ዓመታት በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፣ በቅርቡ ነው እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች የተጀመረው፤ በአፍሪካ ብዙ አገሮች አንድም የጨረር ማሽን የላቸውም። ግን እኛ የምንፈልገው ጨረር የማያስፈልግበትን ጊዜ ነው። ነጩ ቦታ ካንሰር አይደለም። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለው ነው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ ከመቶ ልጃገረዶች 90ዎቹ በ15 ዓመታቸው ተከትበው እንዲያልቁ፣ ከመቶ ሴቶች 70ዎቹ በ35ና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ ከታመሙት 90ዎቹ እንዲታከሙ ይፈልጋል። ቲሸርት ስትልኩልን እንለብሰዋለን፣ እናመሰግናለንም። ነገር ግን 70ው የሚሞላው በታክሲ ሒሳብና በአንድ ቀን ገቢ ነው፤ የናሙና ምርመራ በግል ቤት ካስፈለገ ደግሞ በዚያ ክፍያ ነው። እነዚህ ፎቶ ላይ አያምሩም። የምንለምናችሁ እነሱን ነው። ከውጭ ሆናችሁ የምትረዱን እህቶችም፣ ራሳችሁ የመጣላችሁን መልእክት "ሥራ በዝቶብኛል" ብላችሁ የምታልፉት አላችሁ ሲባል ሰምተናል።

ከቡናው በፊት ድምፅ እንሰጣለን። ሐሳቡ ቢወድቅም የመጀመሪያው ቡድን በራሱ ወጪ የፊታችን ማክሰኞ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ከማኅበሩ በር ይነሳል። የወር አበባ ላይ የምትሆን፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ቀን ትቀይር። ምሳ መያዝ አይረሳ፤ ወረፋ ነው። ከስድስቱ ቦታ ሦስቱ ተይዘዋል፤ አንዱን የያዙት ታላቃችን ናቸው፤ ለአቼቶው ዕድሜያቸው ቢያልፍም "እኔ ልጆቹን አጅባለሁ" ብለው። ሦስት ቦታ ቀርቷል፤ ስም የምትጽፈው ገንዘብ ያዣችን ናት።